ይህን ቤት ለመለካት ብቁ አይደለሁም

ጎርፉ ካለፈ በሃያ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከመንግሥት የአደጋ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት የተላከ አንድ መሐንዲስ የወንዝ ዳር ቤቶችን አንድ በአንድ እየለካ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ደረሰ። እሷ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ከጭቃ ያወጣችውን የስፌት መኪና ፈታታ፣ ብሎኖቹን በነጭ ጋዝ ታጥብ ነበር። ሰፈሩ «መርፌ» እያለ ነው የሚጠራት። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱ ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ።

መሐንዲሱ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ የመጣበትን ጉዳይ አስረዳ። የቤቱ ጉዳት በሦስት ደረጃ ይመደባል። ቀላል ለተባለ ቤት ጥቂት ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሰጣል፤ መካከለኛ ለተባለ ከዚያ ሻል ያለ፤ ከባድ ለተባለ ግን መንግሥት ግድግዳውን ከመሠረቱ ጀምሮ ያሠራል። ይህን ሲናገር አባቷ ከውስጥ ሰሙት። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ ብዙ መንገድና ብዙ ተስፋ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሥራው የተጀመረው በሳሎኑ ነው። ውሃው ግድግዳው ላይ ትቶት የሄደው ቡናማ መስመር ከሰው ደረት በላይ ይደርሳል። መሐንዲሱ የሜትሩን አንድ ጫፍ በጫማው ረግጦ ሌላውን ወደ ላይ ሲጎትት፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየችና አላስቻላትም።

«ሜትሩ ታጥፏል» አለችው። «ወገብ እንደዚህ ቢለካ ቀሚሱ አይዘጋም።»

ዞር አለ። ሜትሩ እውነትም ታጥፎ ነበር። ምንም ሳትጨምር ተንበርክካ ጫፉን ከመሬቱ ጋር ያዘችለት፤ እሱም ወደ ላይ ዘረጋው፤ ቁጥሩንም ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ግን ሜትሩን ወዲያው አልሰበሰበውም። በሁለቱ መካከል እንደተወጠረ፣ እሷ ከታች እሱ ከላይ፣ አንድ አፍታ ተያዩ። ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

በጓዳው በኩል ያለው ግድግዳ ፊቱን ለወንዙ የሰጠው ነው። ከትልቁ ቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከጣሪያው እስከ ወለሉ፣ አንድ ስንጥቅ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁም ሣጥኑን ሁለቱ እየተጋገዙ ገፉት። መሐንዲሱ እጁን ወደ ስንጥቁ ሰደደና ጣቶቹን ከወዲያ በኩል ንፋስ ሲነካቸው ፊቱ ጠቆረ። እዚህ ክፍል ማንም እንዳይተኛ አጥብቆ ነገራት።

ከዚያ የይዞታ ማረጋገጫውን ጠየቃት። ሰነዱ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ከርሞ አንድ ላይ ተጣብቋል። ጽሕፈት ቤቱ የማይነበብ ሰነድ እንደማይቀበል ሲነግራት፣ አልተከራከረችም። ካውያዋን ሰካች፣ ነጠላ ጨርቅ አነጠፈች፣ ቅጠል እንደምትገልጥ ገጾቹን በመርፌ ጫፍ አላቅቃ፣ አንድ በአንድ፣ ሙቀቱን በመዳፏ እየለካች መተኮስ ጀመረች። አራተኛው ገጽ ላይ ማኅተሙ ከተደበቀበት ብቅ አለ። መሐንዲሱ ቆሞ የሚያየው ማኅተሙን አልነበረም። የጆሮ ግንዷ ላይ የተጣበቀችውን የክር ቁራጭ ነበር፤ እጁ ሊያነሣት ተንቀሳቅሶ፣ መልሶ ወደ ኪሱ ገባ።

በሳምንቱ የመሠረቱን ፎቶግራፍ ለማንሣት ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ በአራተኛው ቀን መጣ፤ መስኮቶቹን መመዝገብ ረስቼ ነው አለ። መስኮቶቹን ጎርፉ ከወሰዳቸው አንድ ወር አልፏል። አባቷ ይሄን ጊዜ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ሰውየው የሚለካው ቤቱን ነው ወይስ ቤተሰቡን ብለው ጠየቁ። እሷ ሳቋን በእጇ አፈነችው።

የዚያን ቀን መሐንዲሱ ሊሄድ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። የያዘውን ማኅደር ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

«እዚህ ስመጣ ሥራ ላይ ያለሁ አይመስለኝም» አለ። «እንዲህ መሆን የለበትም።»

ለሰው ሁሉ መልስ የማታጣው መርፌ በሩን ይዛ እስከ መታጠፊያው በዓይኗ ሸኘችው። እሱ ከሄደ በኋላ የጎረቤት ልጅ ሸሚዝ ስትሰፋ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ገጠመችው። ስታየው አልተናደደችም፤ ክሩን እየተረተረች ለብቻዋ ፈገግ አለች፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ክንፍ አውጥቶ ይርገበገባል።

ከዚያ በኋላ ቀረ።

አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። በአሥረኛው ቀን በሩ ሲንኳኳ ፀጉሯን በጣቶቿ አበጥራ ከፈተች። የቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ጡረታ የተቃረበ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ገምጋሚ። የጓዳውን በር ገፋ አድርጎ፣ ቁም ሣጥኑ ተመልሶ ከቦታው እንደቆመ ከደፉ ላይ ሆኖ አየና ጻፈ። ስለ ስንጥቁ ልትነግረው ስትጀምር አይቻለሁ አላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄኛው ግን አፍስሶ እንኳ ሳይለቅም ሄደ።

የነገሩን ምክንያት ያመጣችላት አክስቷ ናት። አክስቷ የአደጋ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ በመሆኗ እዚያ የሚወራ አያመልጣትም። መሐንዲሱ ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፏል፤ «ይህን ቤት ከእጄ ይውሰዱልኝ» ብሏል። አክስቷ ይህን አንድ መስመር ነው የሰማችው። በዚያ ላይ ሌላም አከለችበት፦ እናቱ የትልቁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ በላይኛው ሰፈር ሰፊ ግቢ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ለልጃቸውም አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ አስበውለታል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ» አለቻት። «የላይ ሰፈር ሰው ወደ ታች የሚወርደው ጎርፍ ሊያይ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነሣች። ለደንበኛ ሒሳብ ከምትጽፍበት ደብተር አንድ ወረቀት ቀደደች፤ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳው እየተጫነች ጻፈች፦

«ለመሐንዲሱ። ቤታችን ለእጅዎ እንደከበደ ሰማሁ። ጎርፉ ያጎደፈው ግድግዳችንን እንጂ እኛን አይደለም። ለመስኮቶቻችን ያን ያህል በመጨነቅዎ አመሰግናለሁ። ደኅና ይሁኑ።»

ደብዳቤውን አክስቷ ወሰደችው። በማግስቱ ማምሻውን የአክስቷን እጅ ነበር የምታየው፤ እጇ ባዶ ነው። ቆሞ አነበበው አለች አክስቷ፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተውና፣ «መልስ ልሰጣት አልችልም» አለኝ። አልችልም እንጂ አልፈልግም አላለም። ሆድ ሲብሰው ግን ጆሮም ይደነቁራል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት መርፌን አለፋት። ያን ምሽት ጭንቅላቷን መኪናው ላይ ደፍታ፣ ስለ ቤቱ አንዲት ጊዜ ያልወረደውን እንባ ስለ አንድ ሰው አፈሰሰችው።

ከዚያ የውሳኔው ደብዳቤ መጣ። ቀላል ጉዳት። ጥቂት ቆርቆሮና ሲሚንቶ። ቅሬታ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል።

አባቷ ትተወው ዘንድ መከሯት፤ ከመንግሥት ጋር ሙግት ዳገት ላይ እንደተበላሸ መኪና ነው፣ ብትገፊውም ብትለቂውም የምትጎጂው አንቺ ነሽ አሏት። እሷ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ ተነሣች። ኀዘኗ በአንድ ጀንበር ወደ እልህ ተለወጠ፤ እልህ ደግሞ ጉልበት ሆነላት። የልብስ ንድፍ የምታወጣበትን ካኪ ወረቀት አወጣች፣ አምስቱን አያይዛ በሙጫ ለጠፈች፣ ቁም ሣጥኑን ገፋችና ወረቀቱን ስንጥቁ ላይ ወጠረችው። ከላይ የሚይዝላት ሰው ስታጣ፣ መሰላል ከወጡ ስንት ዘመን የሆናቸው አባቷ ሳይጠየቁ ወጡ።

ስንጥቁን በጠመኔ ተከተለችው። እንደ ብብት ሲጠብ፣ እንደ ቀሚስ ጠርዝ ሲሰፋ፣ አንዲት ጠመዝማዛ ሳይቀራት በሙሉ ልኩ ገለበጠችው፤ በየስንዝሩም ስፋቱን ለክታ ጻፈች። አባቷ ከመሰላሉ ላይ ሆነው፣ እዚህ ጋ ዘለልሽ፣ እዚያ ጋ መልሺ እያሉ ያርሟት ጀመር። ሲጨርሱ ሁለቱም በኖራ ነጥተው እየተያዩ ሳቁ። ከጎርፉ ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ የተሳቀበት ቀን አልነበረም።

ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ የተሰየመው በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ፣ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ነው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰው የሚያስደምጡ ሴት ናቸው። ቸኩሎ የነበረው ገምጋሚ በግራ ተቀምጧል። መሐንዲሱ ከኋላ መስኮቱ ሥር አለ፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ስላለ ተጠርቷል። ልብስ ሰፊዋ እንደገባች አየችው። ከስታለች ሲል አሰበ እሱ፤ ከስቷል ስትል አሰበች እሷ። ዓይኗን ፈጥና ነቀለች።

ተራዋ ሲደርስ ብዙ አልተናገረችም። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ለቀቀችው። ወረቀቱ እየተፈታ ሄደ፤ ጠረጴዛውን ጨረሰ፣ ከጠርዙ ወረደ፣ ወለሉ ላይ እስከ ገምጋሚው ጫማ ድረስ ተዘረጋ። ሰብሳቢዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በስንጥቁ ርዝመት ልክ ከዳር እስከ ዳር ተራመዱ።

«ይሄ በልኩ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በልኩ ነው፣ እትዬ። እኔ ለሥራዬ የምለካው ሰው ነው፤ ተሳስቼ አላውቅም።»

ገምጋሚው ይህን ስንጥቅ እንዳላየው፣ ቁም ሣጥን ጋርዶት እንደነበር አመነ። ሰብሳቢዋ ማኅደሩን አገላበጡና ግንባራቸውን ቋጠሩ። የመጀመሪያው መሐንዲስ ልኬታ እዚህ አለ፤ ስንጥቁም ተጽፏል፤ ግን በቀይ ተሰርዟል። ለምን እንደተሰረዘ የሚያስረዳ ደብዳቤ ተያይዟል። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ሲጀምሩ መሐንዲሱ ከመስኮቱ ሥር ብድግ አለ፤ ሊያስቆማቸው እጁን አነሣ፤ ከዚያ መልሶ አወረደው።

«ለክፍሉ ኃላፊ» እያሉ አነበቡ። «ይህን ቤት ከእጄ ይውሰዱልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቤት ለመለካት ብቁ አይደለሁም። ወደዚህ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ለሥራ ነበር። የሁለተኛው ግማሹ ለሥራ ነበር። የሦስተኛው ለሥራ አልነበረም። የቤቱን ባለቤት ልጅ ወድጃታለሁ። እሷ ይህን አታውቅም፤ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ምንም አልነገርኳትም። ዳኛም ወዳጅም መሆን ስለማይቻል፣ የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ ትክክል ቢሆንም ሰው እንዳይጠረጥራትና ድጋፉ እንዳይቀርባት ሌላ ሰው ይላክ። ጉዳይዋ እስኪወሰን ድረስ ወደ እሷ እንደማልሄድ፣ እንደማልጽፍላትም ቃል እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ስለ መስኮቶቹ የጻፈችው ሽሙጥ፣ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ እንባ ባንድ ጊዜ ፊቷ ላይ እሳት ሆኖ ወጣ። ቀና ስትል እሱ ወለሉን ነበር የሚያየው፤ ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ልቧ ድምፁ ለሰው የሚሰማ እስኪመስላት ይደልቅ ጀመር።

«ፍቅር ማስረጃ አይሆንም» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ድምፃቸው ትንሽ እየሻከረ። «ስንጥቅ ግን ይሆናል። ተነሡ፣ ሄደን በዓይናችን እንየው። መሐንዲሱ እዚህ ይቆያል።»

ኮሚቴው በሙሉ በእግሩ ወደ ወንዝ ዳር ወረደ። አባቷ ያን ሁሉ ሰው በር ላይ ሲያዩ ተደናግጠው ኮታቸውን ገልብጠው ለበሱት። ሰብሳቢዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሰደዱ፤ አንጓቸው ገባ፣ ክርናቸው ድረስ ገባ። ካኪው ወረቀት ግድግዳው ላይ ሲወጠር መስመር ከመስመር ገጠመ። ውሳኔው እዚያው በስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ተጻፈ፦ ከባድ ጉዳት፤ ግድግዳው ከመሠረቱ ይሠራ፤ እስከዚያው ለቤተሰቡ የኪራይ ድጋፍ ይሰጥ። ፊርማና ማኅተም አረፈበት።

አባቷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንገታቸውን አቀርቅረው ቆዩና፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ልጃቸው አንድ እግሯን ከደፍ አውጥታ፣ አንዱን አስቀርታ፣ መሄድም መቅረትም አቅቷት ቆማለች። ሁሉን ያወቁ ይመስላሉ።

«ሂጂ» አሏት። «ለቤቱ እኔ አለሁለት።»

ሮጠች። በወንዙ ዳር፣ በሱቆቹ መካከል፣ ነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተ፣ ሰው እየዞረ እያያት ሮጠች። ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ስትደርስ መሐንዲሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አጠገቡ የቢሮ ዕቃው የታሸገበት ካርቶን አለ። ሲያያት ተነሣ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

አንተ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም ሰሙት። እሱ መልሱን ትቶ ያቺን አንዲት ቃል የሚያጣጥም መሰለ።

«ብነግርሽ ኖሮ ሁሉም ሰው ቤቱን ያገኘሽው በእኔ ነው ይል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቤትሽን በራስሽ እጅ እንድታገኚው ፈለግሁ። ደግሞም አገኘሽው።»

«እኔ እኮ ጠላሁህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠላህ ከረምኩ።»

«አውቃለሁ። ጽሑፍሽ እዚህ ነው ያለው» አለና ደረት ኪሱን በመዳፉ ነካ። ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ደርሶ ለሁለቱም እንባ ሊሆን ተቃረበ።

ካርቶኑ ለምን እንደታሸገ ከዚያ በኋላ ነው የነገራት። እውነቱን ከመጀመሪያው ጉብኝት በኋላ መናገር ሲገባው እስከ ሦስተኛው ስላዘገየ፣ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ ቅርንጫፍ ለአንድ ዓመት ተዛውሯል። ሰኞ ይሄዳል። እናቱ ደግሞ ትናንት ሰምተው፣ ልጄን ከቦታው ያፈናቀለችውን ሴት ዓይኗን ማየት አልፈልግም ብለዋል።

ልብስ ሰፊዋ ጥቂት አሰበች። አንድ ዓመት ግድግዳ ለማሠራትና ለማድረቅም ያስፈልጋል። መንገዱ ሁለት ቀን ከሆነ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ሁለት ቀን አይፈራም። የከበዳት ሌላው ነው፤ የከበደ ነገር ደግሞ ሲያሳድሩት ይብሳል።

«እናትህ ዛሬ ያዩኛል» አለች። «ካርቶኑን ያዝና ቅደም።»

ዳገቱን አብረው ወጡ፤ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ የላይ ሰፈር አጥሮች እየረዘሙ፣ የሷ ልብ እየፈጠነ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ ነጻ የቀረው እጁ እጇን አገኘው። ስንት ቀን ያሰበው እጅ ነው፤ በመርፌ የተወጋጋ፣ ጫፍ ጫፉ የጠነከረ፣ የሞቀ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ አልታወቃቸውም።

በሩን እናቱ ራሳቸው ከፈቱት። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ዛሬም ክፍል ውስጥ ያሉ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አዩ፣ የተያያዙትን እጆች አዩ፣ ከዚያ እሷን ከእግር እስከ ራሷ አዩ።

«ልጄን ከሥራው ያፈናቀልሽው አንቺ ነሽ?»

ልጅየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

«አይደለሁም፣ እትዬ። እሱን ያዛወረው እውነት መናገሩ ነው። እውነት መናገር ደግሞ እርስዎ ያስተማሩት ይመስለኛል።»

የሴትየዋ ፊት አልተፈታም። ግን አንድ ነገር ከዓይናቸው ሥር ተንቀሳቀሰ፤ ልጃቸውን እንደገና፣ አሁን በደንብ አዩት። ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ፊቱ በርቶ አይተውት አያውቁም። በሩን የያዘው እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«አፍ አላት» አሉ ለልጃቸው፣ እሷ እንደሌለች። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በር ላይ አትቁሚ፣ ሰው እያየሽ ነው። ግቢ።»

ልብስ ሰፊዋ ገባች። የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ሰኞ እንዴት እንደምትሸኘው አታውቅም። እጇ ግን ገና እጁ ውስጥ ነው፤ ደረቷም ሊይዘው ከሚችለው በላይ ደስታ ሞልቶበት፣ እንኳን አንድ ቤት አንድ ከተማ ሙሉ ከመሠረቱ አንሥታ ማቆም የምትችል መሰላት።